ዲከረንስ፦ ከአዊ ደጋ እስከ ጣና ዳርቻ የአንድ እንግዳ ዛፍ ታሪክ

በባሕር ዳር ከተማ ምድጃና ማንደጃ ላይ ሲነድ የኖረው ከሰል ታሪኩ ረጅም ነው። የዚህ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ የተጻፈው ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በዳንግላና በእንጅባራ መካከል ነው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ብዙ የጤፍና የገብስ ማሳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ዛፍ እርሻነት ተለውጧል። ዛፉ አካሺያ ዲከረንስ ይባላል፤ አርሶ አደሩ በአጭሩ ዲከረንስ ይለዋል። የዚህ ዛፍ ታሪክ ለጣና ዳርቻ አርሶ አደርና ለማኅበራት አመራር ትልቅ ትምህርት ስላለው እንደሚከተለው ቀርቧል።

አመጣጡና ጠባዩ

ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር አቃሏል። ዲከረንስም እንደ ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ስሙ ከግራር ወገን ቢያስቆጥረውም እንደ አገራችን ግራር እሾህ የለውም። ቅጠሉ ቀጭንና ላባ መሰል ሲሆን አበባው ቢጫ ነው።

ዛፉ በሥሩ ላይ ባሉ ጥቃቅን ሕዋሳት አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለራሱም ለአፈሩም ይጠቀምበታል። ስለዚህ ለምነቱ በተሟጠጠ አፈር ላይ ሳይቀር በፍጥነት ያድጋል። የዘሩ ሽፋን ጠንካራ በመሆኑ ከመዘራቱ በፊት በፈላ ውሃ ይነከራል። መሬት ላይ የረገፈ ዘር ግን ሳይበቅል ለብዙ ዓመታት ሊቆይና እሳት ሲነካው በአንድ ጊዜ ሊበቅል ይችላል።

ጤፍና ዛፍ በአንድ ማሳ

የአዊ ደጋ ዝናብ የበዛበት፣ አፈሩም አሲዳማ ነው። ማዳበሪያ ቢጨመርም ምርቱ እየቀነሰ መሄዱ አርሶ አደሩን ሌላ አማራጭ እንዲፈልግ አስገደደው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠቱም ዓመታት ጠብቆ ለሚቆረጥ ተክል ድፍረት ሰጠ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ተከላው በስፋት ተዛመተ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይተከላል፤ ለጤፉ የሚደረገው አረም ለችግኙም ይሆናል። ዛፉ ከፍ ሲል ሥሩ የሚበቅለው ሳር ለከብት ይታጨዳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ማሳ ላይ ከሰል ይሆናል። ዲከረንስ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው በደንብ ስለማያቆጠቁጥ መሬቱ እንደገና ታርሶ ጤፍና ችግኝ ይገባበታል። ስለዚህ አርሶ አደሩ መሬቱን ለዘለቄታው ለዛፍ አልለቀቀም፤ ዛፉን እንደ ሰብል አፈራረቀው። ከሰል ለማክሰልና ለመጫን የሚሠሩ ወጣቶችም የሥራ ዕድል አገኙ።

ከከሰል ሌላ

የዲከረንስ እንጨት ጠንከር ያለና ጥሩ ፍም የሚወጣው ነው። ነገር ግን በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰልበት ልማዳዊ ዘዴ ከ100 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ቀሪው ጢስና አመድ ሆኖ ይጠፋል። የተሻሻለ ማክሰያ ከተመሳሳይ ዛፍ የበለጠ ከሰል ይሰጣል። ቅርፊቱም ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግል ታኒን በብዛት አለው። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ጥቁር አካሺያ በደቡብ አፍሪካ ከመቶ ዓመት በላይ ለዚሁ ሥራ ሲመረት ኖሯል። ቀጭኑ ግንድ ደግሞ ለአጥርና ለቤት ማገር ይውላል።

ዋግ በዛፍ ላይ

አበው «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ይላሉ። ከ2012 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በአዊ ዲከረንስ ላይ አዲስ በሽታ ታየ። ቅጠሉ ይቡናል፣ ይጨማደዳል፣ ይረግፋል፤ ዛፉም ሳይደርስ ይደርቃል። ምክንያቱ ዩሮሚክላዲየም የሚባል የፈንገስ ዝርያ ነው፤ ስንዴን እንደሚያጠቃው ዋግ ያለ ነው። በሽታው የመጣው ከዛፉ የትውልድ አገር ሲሆን ከዚህ ቀደም የደቡብ አፍሪካን የአካሺያ እርሻ አጥቅቷል። ኮረብታው ሁሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ ስለተሸፈነ በሽታው ከማሳ ማሳ ለመሻገር አልተቸገረም። ከዓመት ዓመት ሲጠብቁት የኖሩት ገቢ በአጭር ጊዜ የተቋረጠባቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

ከሌላው ዓለም የምንማረው

ደቡብ አፍሪካ የአውስትራሊያ አካሺያዎችን ለቅርፊትና ለእንጨት ብላ ተክላ፣ ዛፎቹ ከእርሻ አምልጠው የወንዝ ዳርቻዎችን ወረሩባት። እነዚህ ዛፎች ብዙ ውሃ ስለሚጠጡ መንግሥት በ1988 ዓ.ም. «ለውሃ መሥራት» የተባለ የመንጠር ፕሮግራም ጀመረ። በኢንዶኔዥያ ደግሞ የመራፒ እሳተ ገሞራ በ2003 ዓ.ም. ከፈነዳ በኋላ ዲከረንስ በተቃጠለው የፓርክ መሬት ላይ በቅሎ ሌላውን ተክል ተሻምቷል። ሁለቱም የሚያስተምሩት ዛፉ ከሰው ቁጥጥር ሲወጣ ልማት መሆኑ እንደሚቀር ነው።

ለጣና ዳርቻ ምን ማለት ነው?

የጣና አካባቢ ነዋሪ የእንግዳ ተክልን መዘዝ በእምቦጭ አይቷል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ ሲታይ ጥቂት የነበረው አረም በኋላ ስንት ሺህ ሰው እንዳዘመተ ይታወሳል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧል። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ደጋ ተነሥቶ ወደ ጣና ሲወርድ ደለል ብቻ ሳይሆን ዘርም ሊያመጣ ይችላል።

ስለዚህ ለአባላትና ለሚመለከታቸው የወረዳ ባለሙያዎች የሚከተለው ይመከራል። አንደኛ፣ ዲከረንስ በማሳ ውስጥ እንጂ በወንዝና በሐይቅ ዳር፣ በረግረግና በቤተ ክርስቲያን ደን አጠገብ አይተከል። ሁለተኛ፣ የቤተሰብ መሬት በሙሉ ለአንድ ዛፍ አይሰጥ፤ ዋንዛ፣ ብሳናና ግራርም ቦታ ይኑራቸው። ሦስተኛ፣ ችግኝ ከታመመ አካባቢ ወደ ጤነኛ አካባቢ አይጓጓዝ። አራተኛ፣ ማኅበራት ከሰሉን በጋራ ቢያቀርቡና የተሻሻለ ማክሰያ በጋራ ቢገዙ ደላላ የሚወስደው ትርፍ ለአምራቹ ይቀራል።

የአዊ አርሶ አደር በተራቆተ መሬት ላይ ሀብት ማፍራት እንደሚቻል አሳይቷል። ያንኑ ሀብት ለአንድ በሽታ አሳልፎ አለመስጠት ግን በተናጠል የሚቻል አይደለም፤ የማኅበር ሥራ ነው።