ዜና አዞዎች፦ የአርባ ምንጭ ቡድን የወጣበትና የወረደበት ዘመን

ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ አርባ ምንጭ የምትባል ከተማ አለች፤ ሰፈሯም ሴቻና ሲቀላ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ቀድሞ በደጋው በጨንቻ ነበረ፤ ኋላ ወደዚህች ቆላ ወረደ። የኳሷም ዜና እንዲህ ነው።

አስቀድሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን በፕሪሚየር ሊግ ተጫወተ። ኋላም በ2003 ዓ.ም. በከተማይቱ ስም የሚጠራው ቡድን ከታችኛው ብሔራዊ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ወጣ። ያን ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው ኢትዮጵያ ቡና ነበር። በ2004 አዲሱ ቡድን ከታላላቆቹ ጋር ተቆጠረ፤ ደጋፊውም በሐይቁ አውሬ ስም «አዞዎቹ» አለው።

በባሕር ማዶ፣ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ሥርዓቱ ሌላ ነው። አዲስ ቡድን ገንዘብ ከፍሎ ይገባል፤ ቢሸነፍም አይወርድም። በ1988 ዓ.ም. የገባው ቶሮንቶ ራፕተርስ በመጀመሪያው ዓመት 21 ጊዜ አሸንፎ 61 ጊዜ ተሸነፈ፤ ስፍራውን ግን የወሰደበት የለም፤ በ2011 ዓ.ም. ዋንጫውን አነሣ። በእኛ ሊግ ግን አዲስ የሚገባ ሁሉ ተጋጥሞ ይገባል፤ የደከመም ይወርዳል።

አዞዎቹም በዚህ ሕግ ሰባት ዓመት ቆዩ። በ2005 የአርባ ምንጩ ልጅ ደጉ ደበበ ብሔራዊ ቡድኑን በአምበልነት እየመራ ደቡብ አፍሪካ ገባ፤ ኢትዮጵያም ከ31 ዓመት በኋላ በአፍሪካ ዋንጫ ታየች። በ2006 ጎረቤቱ ወላይታ ድቻ ከሶዶ መጥቶ ሊጉን ተቀላቀለ። ከ2004 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ቅዱስ ጊዮርጊስ አምስት ጊዜ ሲነግሥ ደደቢት አንድ ጊዜ ነገሠ።

በ2010 ነገሩ ሁሉ ተገላበጠ። ወላይታ ድቻ የግብጹን ዛማሌክ በመለያ ምት ከአፍሪካ ውድድር አስወጣ። ገና ያን ዓመት ወደ ሊጉ የመጣው ጅማ አባ ጅፋር ዋንጫውን ወሰደ። አርባ ምንጭ ግን ወረደ፤ ከእርሱም ጋር በ1990 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ የመጀመሪያ ሻምፒዮን የነበረው ኤሌክትሪክ ወረደ።

በ2013 አዞዎቹ ድል አድርገው በ2014 ተመለሱ። ነገር ግን ሊጉ ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ይካሄድ ነበርና፣ የአርባ ምንጭ ሰው ቡድኑን በሜዳው ለማየት አልታደለም፤ በቴሌቪዥን ተመለከተው። ያን ዓመት ጅማ አባ ጅፋር፣ የ2010 ንጉሥ፣ ወረደ። በ2015 አዞዎቹም ዳግመኛ ወረዱ፤ በመካከሉ ወደ ሊጉ ተመልሶ የነበረው ኤሌክትሪክም አብሯቸው ወረደ። በ2016 ሁለቱም አብረው ድል አደረጉና በ2017 አብረው ገቡ፤ ያን ጊዜ በጦርነት ምክንያት ከሊጉ ርቀው የነበሩት የትግራይ ክለቦችም ተመልሰው ነበርና ሊጉ 19 ቡድን ሆነ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ዜና ፍርዱን እወቅ። አባ ጅፋር በመጣበት ዓመት ነገሠ፤ በአራት ዓመት ወረደ። ኤሌክትሪክ የቀደመ ክብሩ ከመውረድ አላዳነውም። አርባ ምንጭም በከተማይቱ ስም ሦስት ጊዜ ወጥቷል፤ የመውጣትን መንገድ ያውቃል። ከእንግዲህ የሚመዘነው በመቆየት ነው፤ ለመቆየትም የራሱ ሜዳና የራሱ ሕዝብ ያስፈልጉታል።