ኤንዲሲ
ኤንዲሲ አየር መንገዶች በረራዎቻቸውንና ተጓዳኝ አገልግሎቶቻቸውን ለጉዞ ወኪሎች በኮምፒውተር የሚያቀርቡበት፣ ኤክስኤምኤል በተባለው የመረጃ አጻጻፍ ላይ የተመሠረተ ዓለም አቀፍ የመልእክት ልውውጥ ደረጃ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) ነው።

ከዚያ በፊት ልውውጡ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በተቀረጸው፣ ኤዲፋክት በተባለ የቆየ የመልእክት ደረጃ ላይ ያረፈ ነበር። አየር መንገዱ ታሪፉንና የበረራ ሰሌዳውን አስቀድሞ ያስመዘግባል፤ እንደ አማዴየስና ሴበር ያሉ የሽያጭ ሥርዓቶች እነዚህን አገጣጥመው ለወኪሉ ያሳያሉ። የዋጋ እርከኖቹ በ26ቱ የላቲን ፊደላት ስለሚሰየሙ ምርጫው ጠባብ ነበር። በኤንዲሲ ግን ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ ለሚሄድ መንገደኛ ወኪሉ ጥያቄ ሲልክ፣ አየር መንገዱ ራሱ ዋጋውን፣ የሻንጣውን ልክና የመቀመጫ ምርጫውን አንድ ላይ አዘጋጅቶ፣ መለያና የማብቂያ ሰዓት ሰጥቶ ይመልሳል። ወኪሉም ያንኑ መለያ ጠቅሶ ያዝዛል።

ደረጃው አንድ ቢሆንም የሥርዓቶቹ መናበብ አልተሟላም፤ ትልቁ ድክመቱም ይህ ነው። አየር መንገዶች እንደ 17.2 እና 21.3 ያሉ የተለያዩ እትሞችን ይጠቀማሉ፤ አማራጭ መስኮችንም በየራሳቸው መንገድ ይሞላሉ። ስለዚህ ለአንዱ አየር መንገድ የተሠራ ሶፍትዌር ለሌላው እንደገና መስተካከል ያስፈልገዋል። ብዙ ወኪሎች ይህን ሥራ የበርካታ አየር መንገዶችን ግንኙነት በአንድ ላይ ለሚያቀርቡ አሰባሳቢ ድርጅቶች ይተዋሉ።