የቪየናው ሶፋ፦ የግል የንግግር ሕክምና አጀማመር

በግል ክሊኒክ የሚሰጠው የንግግር ሕክምና ሥሩ ቪየና ነው። የነርቭ ሐኪሙ ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1886 በዚህች ከተማ በግሉ ማከም ጀመረ። በ1891 በርግጋሰ በሚባለው መንገድ ወደ ቤት ቁጥር 19 ተዛውሮ ለ47 ዓመታት ያህል ታካሚዎቹን እዚያው ተቀበለ።

ለንግግር ሕክምናው መነሻ የሆነው የባልደረባው የዮሴፍ ብሮየር ልምድ ነው። ብሮየር ከ1880 እስከ 1882 ያከማት፣ «አና ኦ.» በሚል ስም የምትታወቅ ወጣት፣ የሚያስጨንቃትን ስትናገር ሕመሟ ይቀልላት ነበር። ሁለቱ ሐኪሞች ታሪኳን በ1895 በጋራ መጽሐፋቸው አሳተሙ።

ፍሮይድ በ1913 ባወጣው ጽሑፍ አዲስ ታካሚ ምን እንደሚጠብቀው በዝርዝር አስቀመጠ። የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት የሙከራ ናቸው፤ ሐኪሙ ሕክምናው ለሰውየው ይስማማ እንደሆነ ያይባቸዋል። ቀጥሎ ቋሚ ሰዓት ይመደብለታል፤ ቢቀርም ይከፍልበታል። ክፍያው በግልጽ ይነገራል፤ ሂሳቡም ሳይጠራቀም በየጊዜው ይዘጋል። ታካሚው ከእሑድና ከበዓላት በቀር በየቀኑ እየመጣ ሶፋ ላይ ይጋደማል፤ ሐኪሙ ከበስተኋላው ይቀመጣል። ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ወደ አእምሮ የመጣውን ሁሉ፣ ቢያሳፍርም ከንቱ ቢመስልም፣ ሳይመርጡ መናገር።

ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ፍሮይድ በ1938 ወደ ለንደን ተሰደደ፤ ሶፋውም ተከተለው። ዛሬ አብዛኞቹ ባለሙያዎች ከታካሚው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ያክማሉ። የመተዋወቂያው ጊዜ፣ የተወሰነው ሰዓትና ግልጹ የክፍያ ስምምነት ግን ዛሬም አሉ።