ስለ ንቅሳት፣ ስለ እንጥል መቈረጥና ለቀዶ ሐኪም እውነቱን ስለ መንገር

በአገራችን ሕዝብ ዘንድ ለውበት ወይም ለጤና ሲባል ገላን መውጋትና መቍረጥ ከጥንት ጀምሮ የቈየ ልማድ ነው። በሰሜን ወሎ በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳና በአካባቢዋ፣ አንገቷን ወይም ድድዋን የተነቀሰች እናት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ በሕፃንነቱ እንጥሉን የተቈረጠ ወይም ግግ አለበት ተብሎ ድዱ የተበጣ ሰውም ይገኛል። ይህ ጽሑፍ የልማዱን ክፉና ደግ ለመመዘን የተዘጋጀ አይደለም። የሚመረምረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሕመምተኛ በቀዶ ሐኪም ፊት በቀረበ ጊዜ ቀድሞ በገላው ላይ የተደረገውን ስለ ምን ይሰውራል የሚል ነው። ታሪኩን ስንመለከት ዝምታው ከልማዱ ጋራ አብሮ የተወለደ ሳይሆን በኋላ የመጣ መሆኑን እንረዳለን።

በቀድሞ ዘመን ንቅሳት ጌጥ ነበረ፤ ጌጥ ደግሞ እንዲታይ እንጂ እንዲሸሸግ አይደረግም። እ.ኤ.አ. ከ1843 እስከ 1846 በትግራይ የተቀመጠው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሴቶች በገላቸው ላይ ኮከብ፣ መስመርና መስቀል ይነቀሱ እንደ ነበረ፣ ድዳቸውንም በመርፌ እያስወጉ ያጠቍሩ እንደ ነበረ ገልጿል። የነቃሿ መሣሪያም ጥቂት ነበረ፤ መርፌና ጥቍር ቀለም ነው። እንጥል መቍረጥም እንዲሁ በአደባባይ የሚታወቅ ሥራ ነበረ፤ እንጥሉ አብጦ ሕፃኑን ያንቀዋል ተብሎ ስለሚታመን፣ ልጅዋን ያስቈረጠች እናት እንደ ጥንቁቅ እናት ትመሰገን ነበር እንጂ አትነቀፍም ነበር። የማን ልጅ መቼ እንደ ተቈረጠ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።

የዘመናዊው ቀዶ ሐኪም ወደ አገራችን የመጣው በአመዛኙ ከጦርነት ጋራ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. ማብቂያ የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገብተው ቍስለኞችን አከሙ። በወሎ ደግሞ በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ኅዳር 26 ቀን ደሴን በደበደቡ ጊዜ ሆስፒታሉ ሳይቀር ተመታ። በዚያው ዓመት የዶክተር ጆን ሜሊ የእንግሊዝ የሕክምና ቡድን ከደሴ ተነሥቶ በወልድያ በኩል ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ በየካቲት ወርም ቆረም አጠገብ የቦምብ አደጋ ደረሰበት። በእንዲህ ያለው ጊዜ ሐኪሙ የሕመምተኛውን ያለፈ ታሪክ ለመጠየቅ ፋታም አላገኘም፤ ብዙም አላስፈለገው። የጥይት ቍስል ራሱ ይናገራልና።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቁሞ የጤና መኰንኖችና ነርሶች በየጤና ጣቢያው ሲመደቡ፣ ሕክምና ከማዳን አልፎ ማስተማርም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ ልማዳዊ ድርጊቶች የሚሠራ ብሔራዊ ኮሚቴ ተመሠረተ፤ እንጥል መቍረጥና የወተት ጥርስ መንቀልም «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች» ከሚባሉት ጋራ ተቈጠሩ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም የሴት ልጅ ግርዛትን በስም ጠቅሶ ከለከለ። ይህ ሁሉ ድካም ብዙ ሕፃናትን ከደም መፍሰስና ከመንጋጋ ቈልፍ አድኗልና የሚመሰገን ነው። ሆኖም ያልታሰበ ውጤት አስከትሏል። በስብሰባ ላይ ልማዱን የሚነቅፈው ሰውና በምርመራ ክፍል «ከዚህ በፊት ምን ተደርጎልሃል?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው በሕዝቡ ዐይን አንድ ሆኑ። ጥያቄው እንደ ክስ ተሰማ፤ ለክስ ደግሞ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ «ምንም» የሚል ነው። ከተማ የገቡ ወጣት ሴቶችም በእናቶቻቸው ጌጥ እያፈሩ ንቅሳታቸውን በአሲድ ወይም በጨረር ማስጠፋት ጀመሩ፤ ማስጠፋታቸውም በተራው ሌላ ምስጢር ሆነ።

እንግዲህ ቀዶ ሐኪሙ ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው ስለ ምንድን ነው? የንቅሳት ቀለም በቈዳ ውስጥ ብቻ አይቀርም፤ ከፊሉ እየተጓዘ በአንገት ወይም በብብት ባሉት ንፍፊቶች ውስጥ ይጠራቀማል። ሐኪሙ ስለ ሌላ ሕመም ሲከፍት የጠቈረ ንፍፊት ቢያገኝ የተሠራጨ የቈዳ ካንሰር ሊመስለው ይችላል፤ እውነቱን የሚለየው በማይክሮስኮፕ የሚደረግ ምርመራ ነው። ንቅሳቱ በግልጽ ከታየ ሐኪሙ ይጠረጥር ይሆናል፤ ንቅሳቱ ጠፍቶ ሴትዮዋም ዝም ካለች ግን የሚመራው ምልክት የለም። ብዙ ሰው በተነቀሰበት በአንድ መርፌ የጉበት ሕመም የሚያመጣ ቫይረስ ሊተላለፍ ስለሚችልም፣ ነገሩን አስቀድሞ ማወቅ ለሕመምተኛውም ለሐኪሙም ይጠቅማል።

የእንጥልም ነገር እንዲሁ ነው። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ሕመምተኛውን አፉን አስከፍቶ ጕሮሮውን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1985 ማላምፓቲ የተባለ ሐኪም ያወጣው፣ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት መለኪያ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ይከብድ ወይም ይቀል እንደ ሆነ የሚገምተው ከሌሎች ምልክቶች ጋራ እንጥሉ መታየቱንና አለመታየቱን አይቶ ነው። እንጥሉ በሕፃንነት ከተቈረጠ ምልክቱ ያሳስታል፤ ጠባሳው ጕሮሮውን አጥብቦት እንደ ሆነም ከባድ ነገር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚሰወረው ግን አዲሱ ነው፤ ይኸውም ፊትን ለማቅላት በየገበያው የሚሸጠው ቅባት ነው። በአንዳንዱ ውስጥ ክሎቤታሶልን የመሰለ ብርቱ ስቴሮይድ ይገኛል። ይህ ለረዥም ጊዜ ሲቀቡት ወደ ደም ይገባል፤ ከኵላሊት በላይ ያሉትንም ዕጢዎች ሥራ ያደክማል። ሰውነት በኦፕራሲዮን ጊዜ ከእነዚህ ዕጢዎች ኀይል ይፈልጋልና፣ ያን ጊዜ ባያገኝ የደም ግፊቱ በድንገት ሊወድቅ ይችላል፤ ቍስሉም ለመዳን ይዘገያል። ይህን አደጋ ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ በመድኃኒት ይከላከለዋል። ካልተነገረው ግን በዐይን አይቶ ለማወቅ ይቸገራል።

አንዳንድ ሰው «ሐኪም የተማረ ነውና ሁሉን ራሱ ይይ» ይል ይሆናል። ከላይ እንዳየነው ግን ትምህርት የጠፋውን ንቅሳትና የተደበቀውን ቅባት አያሳይም። በሌላ በኩል ሕዝባችን ምስጢር መናገር አያውቅም ማለት አይቻልም። ለነፍስ አባቱ፣ ለሼኹ፣ ለታመነ ሽማግሌ የልቡን ይገልጻል፤ የሚገልጸውም ለብቻው ሆኖ፣ ምስጢሩም እንደማይወጣ ዐውቆ ነው። ሐኪምም በዚህ ረገድ ከእነርሱ አይለይም፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የሙያ ምስጢር የሚያወጣውን ሐኪም ይቀጣ ነበር፤ የ1996ቱም እንዲሁ ይቀጣል። ነገር ግን ከመርሳ ተነሥታ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ሆስፒታል የሄደች እናት በአማቷና በተራ ጠባቂዎች ፊት ብትጠየቅ፣ ሕጉ መኖሩ ብቻ አንደበቷን አይፈታውም።

ስለዚህ ጥያቄው የሚጠየቅበት መንገድ ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። ለቀዶ ሐኪሙ የሚያስፈልገው ምን እንደ ተደረገ፣ መቼና በምን እንደ ተደረገ ማወቅ ነው፤ ማን እንዳደረገውና ስለ ምን እንደ ተደረገ የሌላ ጊዜ ነገር ነው። «እናቴ፣ አንቱን በደኅና ለማስተኛትና ለማንቃት እንዲረዳን ነው፤ በልጅነትዎ እንጥልዎን ተቈርጠዋል? ተነቅሰው ያስጠፉት ንቅሳትስ አለ? ፊትዎን የሚቀቡት ነገር አለ?» ብሎ ለብቻቸው የሚጠይቅ ሐኪም ከሚገሥጸው ይልቅ እውነቱን ያገኛል። እነዚህ ጥያቄዎች ስለ መድኃኒት አለመስማማት ከሚጠየቀው ቀጥለው በሕመምተኛው ካርድ ላይ ቢጻፉ፣ ማንም ለብቻው ተለይቶ እንደ ተጠረጠረ አይሰማውም።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። ቃሉ እውነት ነው፤ ሸክሙን ግን በሕመምተኛው ላይ ብቻ ያኖራል። ታሪኩ እንደሚያስረዳን፣ ገላው ላይ የተደረገውን በግልጽ ያሳይ የነበረ ሕዝብ መደበቅን የተማረው ሲጠየቅ መነቀፍን ስላገኘ ነውና፣ ሸክሙ ከጠያቂውም ነው። ለባህል አጥኚዎችም በዚህ ረገድ አንድ ሥራ ቀርቶልናል። በሀብሩም ሆነ በሌላው የወሎ ወረዳ በሕይወት ያሉት አሮጊት ነቃሾች ቀለሙን ከምን እንደሚያዘጋጁት፣ መርፌውንም እንዴት እንደሚይዙት ሳይነቀፉ ተጠይቀው ቢጻፍ፣ ጽሑፉ ለታሪክ ይሆናል፤ ጥቍር ንፍፊት አግኝቶ ለሚያመነታ ቀዶ ሐኪምም ይጠቅመዋል።