ስም ያላወጣንላት የሱባ ወፍ

ከሰበታ ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ የወጣ ሰው፣ ከጽዱና ከኮሶው ጥላ ሥር አንዲት ትንሽ ወፍ ያይ ይሆናል። ጀርባዋ ቡናማ የተቀላቀለበት አመድማ፣ ሆዷ ፈዘዝ ያለ፣ ዓይኗ ግን የገለባ ቢጫ ነው። ዝቅ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጥና ነፍሳት ሲንቀሳቀሱ ስታይ ወርዳ ለቅማ ትመለሳለች። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የላትም። ስሟን ብጠይቅ አንዱ «ወፍ ናት» አለኝ፤ ሌላው በኦሮምኛ «ሲምቢራ» አለ፤ ያው ወፍ ማለት ነው።

ስም ያወጣላት ባዕድ ነው። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1831 ምጽዋ ገብቶ፣ በዘመነ መሳፍንት ሁከት መካከል ስሜንን አቋርጦ ጎንደር ዘለቀ። ሲመለስ የብራና መጻሕፍትንም የአእዋፍንም ቆዳ ይዞ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1840 ይህችን ወፍ ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ፣ ስለ ቀለሟ «ቾኮላቲና» አላት። ቡና በሚፈላበት አገር የምትኖር ወፍ በቸኮሌት ተጠራች! እኔ ለራሴ «ቡኒት» ብያታለሁ።

ሩፔል ሸዋን አልረገጠም። እዚህ የቡኒት ታሪክ የጫካው ታሪክ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ የወጨጫን ተራራ በጽድ ያስተከሉት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ናቸው፤ ዘሩም የመጣው ከወፍ ዋሻ ነው። ውድ አንባቢ፣ የቦታውን ስም ልብ ይበሉልኝ።

አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ የማገዶ ፍለጋ ዙሪያዋን አራቆተው፤ ዳግማዊ ምኒልክ መዲናውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ውለታውን አልክድም፤ ያደግሁበት ቤት ማገሩም ማገዶውም እርሱ ነበር። ነገር ግን በሱሉልታና በቡራዩ ኮረብታዎች ባሕር ዛፍ ጥቅጥቅ ባለበት ሥሩ ይራቆታል፤ ቁጥቋጦ ሲጠፋ ነፍሳቱም ይሳሳሉ፣ ቡኒትም የምትለቅመው ታጣለች።

ሦስቱ ከተሞች እ.ኤ.አ. በ2022 በተመሠረተው የሸገር ከተማ ተጠቃልለዋል። እኔም በባንክ ጠረጴዛዬ ላይ የዚያን አካባቢ የብድር ሰነድ አገላብጣለሁ። ስፋቱ በካሬ ሜትር፣ ግምቱ በብር ይሞላል፤ ቤት ካልተሠራበት፣ ጽድ ቢኖርበትም «ባዶ ቦታ» ተብሎ ይጻፋል።