መፍዘዝና መደንዘዝ፦ ዘንዶን ለቀዶ ሕክምና የማስተኛት ታሪክ



የአክሱም የነገሥታት ትውፊት የሚጀምረው በዘንዶው ንጉሥ በአርዌ ነው። ትውፊቱ በልዩ ልዩ መልክ ይነገራል፤ በአንደኛው አንጋቦ ዘንዶውን ያሸነፈው መርዝ የጠጣች ፍየል አብልቶ ነው። የዛሬው ንግግሬ ግን ዘንዶን ስለ መግደል ሳይሆን አስተኝቶ ስለ ማዳን ነው።

በሲሪንቃ ማሳ ላይ በማለዳ ድንጋይ ገልብጦ እባብ ያገኘ ገበሬ፣ ብርድ ያፈዘዘው እባብ ፀሐይ እስኪነካው ድረስ በድን እንደሚመስል ያውቃል። ሐኪሞችም ይህንኑ አይተው ተሳሳቱ። እ.ኤ.አ. በ1846 ኢተር በቦስተን ለሰው ቀዶ ሕክምና በይፋ ከታየ በኋላ እንኳ፣ እባብን በማቀዝቀዝ ብቻ አፍዝዞ መቅደድ በ20ኛው መቶ ዓመትም ቀጥሎ ነበር። ብርድ እንቅስቃሴን ያስራል እንጂ ሕመምን እንደሚያስቀር ማረጋገጫ የለም። እንስሳው መጮኽ ስለማይችል፣ ስሕተቱን የሚገልጥ አልነበረም። ዛሬ ሙያው ይህን ልማድ አይቀበለውም።

እ.ኤ.አ. በ1962 የተሠራው ኬታሚን ነገሩን ለወጠ፤ ሆኖም ጡንቻን በደንብ አያላላም፣ መጠኑ ከበዛም እባቡ ለቀናት ሳይነቃ ሊቆይ ይችላል። የእባብ ሰውነት ሙቀት የአካባቢውን ስለሚከተል፣ በቀዝቃዛ ክፍል የተወጋ መድኃኒት ከሰውነቱ የሚወጣው በዝግታ ነው። ከብት ሲያክም የኖረ ሐኪም ልምዱን እንዳለ ይዞ ወደ ዘንዶ ሊሄድ አይችልም። በከብትና በፈረስ መካከል እንኳ የዛይላዚን መጠን እጅግ ይለያያል።

በኋላ የመጣው አይዞፍሉሬን የተባለው ጋዝ መጠኑን ለመቆጣጠር ይመቻል። ችግሩ እባብ ትንፋሹን ለረጅም ጊዜ መያዙ ነው፤ በጋዝ የተሞላ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ እንቅልፉን መጠበቅ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። መፍትሔው ከራሱ ከዘንዶው አፈጣጠር ተገኘ። ትልቅ አደን ሲውጥ እንዳይታፈን የአየር ቧንቧው መግቢያ በአፉ ወለል ፊት ለፊት ስለሚገኝ፣ በመርፌ ከተረጋጋ በኋላ ቱቦ ማስገባት ቀላል ነው። ከዚያም ረዳት በእጁ እየነፋ ያስተነፍሰዋል።

የልብ ምት ብቻውን የሕይወት ማረጋገጫ አይደለም፤ የእባብ ልብ ከሞት በኋላም ጥቂት ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ቀዶው ካበቃ በኋላም ክፍሉ ይሞቃል፤ ዘንዶው ራሱ እስኪተነፍስና በጀርባው ሲገለበጥ ራሱን መልሶ እስኪያቀና ድረስ ሐኪሙ ከጎኑ አይነሣም።