ቡሹ ዓሣና ቆዳው

ዓሣን ለማታለል የሚሠራ የሐሰት ዓሣ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በቢላዋው በኩል ነው። ማን ጠረበው፣ ከምን እንጨት ጠረበው፣ በውኃ ውስጥ እንዴት ተወዛወዘ ይባላል። ቀለሙና በቀለሙ ላይ የሚደረበው ጥርት ያለ ልባስ ግን እንደ ጌጥ ተቆጥሮ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። እኔ በበኩሌ ታሪኩ ከቆዳው ቢጀመር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ለዚህም ከፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ላውሪ በ1905 ሲስማ በተባለው አጥቢያ ተወለደ። የእናቱ የቤተሰብ ስም ሳሪነን ነበር። ልጁን ይዛ ወደ አሲካላ በተዛወረች ጊዜ መዝገብ የሚጽፈው ቄስ የቤተሰቡን ስም ማስታወስ ተስኖት፣ የመጡበትን መንደር ስም «ራፓላ» ብሎ እንደ መዘገበው ይተረካል። ይህ ታሪክ ለፊንላንድ አንባቢ ፈገግታ ነው፤ ለእኛ ግን ትንሽ ይቈረቍራል። በባዕድ አገር ጽሕፈት ቤት መስኮት ፊት ቆሞ የአባቱ ስም «የቤተሰብ ስም» ሲሆንበት፣ የአያቱ ስም ደግሞ ለመጻፊያ ቦታ አጥቶ ሲቀር ያየ ሰው፣ አንድ የመዝገብ ስሕተት እንዴት ዕድሜ ልክ እንደሚዘልቅ ያውቃል። የዚህኛው ስሕተት ከዕድሜም አልፎ የዓለም የንግድ ምልክት ሆነ።

ላውሪ በ1928 ኤልማ ሌፓነን የምትባል ሴት አገባ፤ ኑሮውን የሚገፋውም ከፓይያነ ሐይቅ ዓሣ በማጥመድና በቀን ሥራ ነበር። ጊዜው ዓለም በኢኮኖሚ ድቀት የተመታበት ነው። ረጅም ገመድ ላይ በተደረደሩ መንጠቆዎች፣ እንደሚባለው አንዳንዴ እስከ 1,000 በሚደርሱ መንጠቆዎች ላይ፣ ትንንሽ ዓሦችን እየሰካ ወደ ውኃው ይጥላል። ማታ መሰካት፣ ጧት ማውጣት፣ እንደገና መሰካት። በዚህ አድካሚ ሥራ መካከል ጀልባው ላይ ተቀምጦ ያስተዋለው ነገር ነው የታሪኩ መነሻ፤ ትልቁ አዳኝ ዓሣ የትንንሾቹን መንጋ ሲያሳድድ የሚመርጠው ጤነኛውን አይደለም፤ ትንሽ ዘንበል ብሎ የሚዋኘውን፣ የቆሰለውን ነው።

ያን አነካከስ የሚመስል ዓሣ ከቡሽ ለመቅረጽ የጫማ ሰፊ ቢላዋና የብርጭቆ ወረቀት በቁት። የመጀመሪያው የሠመረ ሥራው በ1936 ተጠናቀቀ። እኛ ያን ዓመት የምናስበው በማይጨው ጦርነትና በንጉሠ ነገሥቱ ስደት ነው፤ ዓለም ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ዓመት ነው።

ቡሹን የሸፈነው ምን ነበር? የቸኮሌትና የአይብ መጠቅለያ የነበረ ብርማ ወረቀት። የወረቀቱ ብልጭታ የዓሣ ቅርፊት በፀሐይ ሲዞር የሚያወጣውን ብርሃን ይሰጣል። ከዚያ በላይ፣ ውኃ እንዳያስገባ፣ ከፎቶግራፍ ኔጋቲቭ የተሠራ ልባስ ተቀባ። የሚነገረው «ኔጋቲቭ አቅልጦ» ተብሎ ነው፤ ሆኖም ቃሉን እንደ ወረደ የሚቀበል ሰው ጢሙን ሊያቃጥል ይችላል። በዚያ ዘመን ብዙው ፊልም መደቡ ናይትሮሴሉሎስ ነው፤ የባሩድ ዘመድ ነውና በእሳት ይነድዳል እንጂ እንደ ሰም አይቀልጥም። እንደ አሴቶን ባለ ፈሳሽ ውስጥ ሲነከር ግን ይሟሟል፤ ፈሳሹ ሲተን የሚቀረው ቀጭን፣ ጠንካራና ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን ነው። በ1920ዎቹ የአሜሪካ መኪና ፋብሪካዎች ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን የቀለም ማድረቅ ወደ ሰዓታት ያወረዱት በዚሁ በናይትሮሴሉሎስ ላክ ነው። ገንዘብ የሌለው ዓሣ አጥማጅ በዘመኑ አለ የተባለውን የኢንዱስትሪ ልባስ ከተጣለ ፊልም አወጣ ማለት ነው። የሰው ፊት የተቀረጸበት ነገር የዓሣ ቆዳ ሆነ።

ያለዚህ ልባስ የቢላዋው ጥበብ ምን ያህል ይዘልቅ ነበር? ብርማው ወረቀት ከፀጉር የማይወፍር ነው። ፓይክ የሚባለው የሰሜን ሐይቆች አዳኝ አንድ ጊዜ ሲነክሰው ይቀደዳል፤ በቀዳዳው ውኃ ይገባል፤ ሚዛኑ ይዛባል። ሚዛኑ የተዛባ ዓሣ ደግሞ ያን የተለካ መወዛወዝ ትቶ በጎኑ ይተኛል። ስለዚህ ልባሱ ጌጥ ሳይሆን የእንቅስቃሴው ዋስ ነው። ከመጠን በላይ ከወፈረ ግን ራሱ ሸክም ይሆናል፤ በአንድ ወገን ቢንጠባጠብና ቢጠነክር የቢላዋውን ልፋት ያበላሻል። በስስነትና በጥንካሬ መካከል ያለው ይህ ጠባብ መንገድ ነው እንግዲህ የሙያው ሁሉ ፈተና።

ቀለሙም ቢሆን ምክንያት አለው። ጀርባ ጥቁር፣ ጎን ብርማ ወይም ወርቃማ፣ ሆድ ነጭ። አሜሪካዊው ሠዓሊ አቦት ቴየር በ1896 እንዳስረዳው፣ ብዙ እንስሳት ከላይ የሚጠቁሩትና ከታች የሚነጡት ከሰማይ የሚወርደው ብርሃን የሚፈጥረውን ጥላ ለማጥፋት ነው። ዓሣ የሚሸሸግበትን ቀለም ማባበያው የሚለብሰው እውነተኛ መስሎ ለመታየት ነው።

ራፓላ የመጀመሪያው አልነበረም፤ አሜሪካኖች ቀድመውታል። በሚሺጋን ክፍለ ግዛት የዶዋጃክ ከተማ ነዋሪ ጄምስ ሄደን፣ በሙያው ስመ ጥር ንብ አርቢ፣ ከእንጨት እንቁራሪት ቀርጾ ጀመረ ይባላል፤ ኩባንያውም በኢናሜል ድርብርብ ቀለሙ ታወቀ። በኢንዲያና የነበረው ክሪክ ቸብ ደግሞ በእንጨቱ ላይ መረብ ጠምጥሞ ቀለም በመርጨት የቅርፊትን መልክ ያወጣ ነበር። ብልሃቱ እስከ ዛሬ በየጓዳው ይሠራበታል። ልዩነቱ እነዚያ ወርክሾፕና ሠራተኛ የነበራቸው መሆኑ ነው።

ከኅዳር 1939 እስከ መጋቢት 1940 በቆየው የክረምት ጦርነት ላውሪ ከሶቭየት ጦር ጋር ተዋጋ። በጦርነቱ ዘመን ቡሽ ሲጠፋ የዛፍ ቅርፊት ተካው። በልባሱ ላይ የተጣለው ሸክም በዚያን ጊዜ ከበደ፤ ቅርፊት ከቡሽ ይልቅ ውኃ ይጠጣልና። በኋላ ባልሳ የተባለው ቀላል እንጨት ተተካ። በ1952 የሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ጊዜ (ኢትዮጵያ ገና ከአራት ዓመት በኋላ በሜልቦርን ነው የምትጀምረው) እንግዶች ማባበያውን ይዘው ወደየአገራቸው ተመለሱ። በ1959 ሮን ዌበርና ሬይ ኦስትሮም የተባሉ የሚኒሶታ ሰዎች አግኝተውት ለማስመጣት ጻፉ። በነሐሴ 1962 ላይፍ መጽሔት ስለዚሁ ማባበያ የጻፈው ጽሑፍ የወጣው የማሪሊን ሞንሮ ሞት በተዘገበበት እትም ነበርና፣ ለሟቿ ሲሉ የገዙት ሁሉ ስለ ፊንላንዱ ዓሣ አነበቡ። ትእዛዙ የቤተሰቡን ወርክሾፕ አጥለቀለቀው። ላውሪ በ1974 አረፈ።

ዛሬ በቤቱ ማባበያ የሚሠራ ሰው ፊልም አያሟሟም። ሁለት ክፍል ያለው ኤፖክሲ አለው፤ ቀላቅሎ ከቀባው በኋላ በአንድ ወገን እንዳይንጠባጠብ፣ እስኪደርቅ ድረስ ማባበያውን በዝግታ የሚያሽከረክር ትንሽ ሞተር ይጠቀማል። ኤፖክሲ በፀሐይ ቢጫ የመሆን ጠባይ አለው፤ ላክ ደግሞ በበቂ ያልደረቀን ቀለም ከሥሩ ያሟሟል። ነጩ ሆድ የሚበላሸው በመጀመሪያው፣ ጥቁሩ ጀርባ ወደ ጎን የሚፈስሰው በሁለተኛው ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው በሦስተኛው ቀን መቀባት የነበረበትን በአንደኛው ይቀባና የሳምንት ሥራውን ያጣል።

የራፓላ ቤተሰብ እያንዳንዱን ማባበያ በውኃ ገንዳ ውስጥ እየሳበ አካሄዱን ይፈትን ነበር፤ የቤት ሠሪዎችም በመታጠቢያ ገንዳ ይህንኑ ያደርጋሉ። የመጨረሻው ፈተና የሚደረገው ግን እንጨቱ ተጠርቦ ሳይቀባ ሳይሆን፣ የመጨረሻው ልባስ ደርቆ መንጠቆው ከተሰካ በኋላ ነው።